ለሳል የተዋጣው ማር

ተረት ተረት፣ ለታመመ ምሕረት።

አራዊት ሁሉ ለሳል መድኃኒት ይሁን ብለው ማር አዋጥተው፣ ለንጉሣቸው ለአንበሳ አደራ ሰጡ። የርግብ ጫጩት በሳል ስትታመም ግን የማሩ ማሰሮ ባዶ ሆኖ ተገኘ፤ በማሩ ለአንበሳ ድግስ ጠጅ ተጥሎበታል። ርግብም ልጇን አዝላ ድግሱ ቤት ገባች።

«አንቺ፣ ሕመምተኛ ይዞ ድግስ ይመጣል?» አላት አሳላፊው ጦጣ።

«ምን ላድርግ ወንድሜ፣ መድኃኒቷ ያለው እዚህ ነው አሉኝ።» ወደ አንበሳም ዞራ፣ «ጌታዬ፣ አደራ ያልንዎት ለዚህ ነበር?» አለችው ቀስ ብላ።

ጫጩቷ ሳለች። አንበሳ ብርሌውን አስቀምጦ፣ ንብ ወደሰፈረበት ገደል ብቻውን ወጣ።

ሲመለስ አፍንጫው ተነድፎ አብጧል። በመዳፉ የያዘውን ማር ወደ ጫጩቷ ዝቅ አድርጎ፣

«ቀስ ብለሽ ላሺ፣ ልጄ» አላት።

ተረቴ አበቃ፤ እናንተም ለታመመው አሜን በሉልኝ።