የትርንጎ አሸዋ

ከመስቀል በኋላ ዝናቡ አባርቶ መንገዱ ሲጠና፣ ወደ ደቡብ የሚወርዱ መኪኖች ሐይቁ ዳር ካለው ትልቅ የአሸዋ ጉብታ ሲደርሱ ይቆማሉ። ጉብታውን የአገሩ ሰው የትርንጎ አሸዋ ይለዋል። ተሳፋሪው ጫማውን አውልቆ ይወጣዋል፣ በወዲያኛው በኩል እስከ ውሃው ድረስ ይንሸራተታል፤ መሄድ የሚወድ ደግሞ ጫካው ውስጥ በምትሾልከው ቀጭን መንገድ ገብቶ ዋርካዎቹን አይቶ ይመለሳል። ታዲያ ሰው ሲወርድ ሾፌሩ የእያንዳንዱን ስም ይጠይቃል፣ ሲመለሱም ሞተር ከማስነሳቱ በፊት አንድ በአንድ ይጠራል፤ የተጠራውም በገዛ አፉ «አለሁ» ይላል። አፍ ያልፈታ ሕፃን ካልሆነ በቀር አንዱ ስለ ሌላው «አለ» ብሎ መመለስ አይችልም። የቸኮለ ቢያጉረመርም ሰሚ የለውም። እኔም የመጀመሪያ ቀን አጉረምርሜያለሁ፣ ምን ይደበቃል።

መነሻውን የነገሩኝ የዚያው አገር ሽማግሌዎች ናቸው። እንደሚነገረው፣ መኪና ቀርቶ የጋሪ መንገድ እንኳ ባልነበረበት ዘመን ነጋድራስ ቢሻው የሚባል የሲራራ ነጋዴ ነበር። በየዓመቱ ክረምት ሲወጣ ሠላሳ በቅሎ ጭኖ፣ ሌሎች ነጋዴዎችንም አስከትሎ በዚህ ሐይቅ ዳር ያልፋል። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ቁጡ ነበር እንጂ። ለበቅሎ ያለው ፍቅር ግን ለጉድ ነው ይባላል። ሠላሳውንም በስም ያውቃቸዋል፤ የትኛዋ ጭነት እንደምታዘነብል፣ የትኛዋ ውሃ እንደምትፈራ፣ የማን እናት ከየት እንደተገዛች ሳይቀር ይተርካል። ማለዳ ማለዳ ከፊት ቆሞ «ዳማ! ቦራ! ጉራች! ሸጋው!» እያለ ይጠራል፣ ነጂዎቹ ከየቦታቸው «አለ» ይላሉ፣ በመጨረሻም የኋላ ጠባቂው ገላግሌ «ሙሉ ነው» ሲል ጉዞ ይጀመራል። ሰው መጠራት አለበት ብሎ ያሰበ አልነበረም። ሰውማ እግር አለው፣ አፍ አለው፣ ይከተላል።

በዚያ ዓመት የነጋድራስ ልጅ ተሻገር ሚስት አግብቶ ነበርና ሙሽራይቱ ስንቅ ልታሰናዳ ከሲራራው ጋር ወጣች። ትርንጎ ትባላለች፤ ስሟን የሚያውቀው ግን ከዚያ ሁሉ ሰው መሃል ባሏ ብቻ ነበር። በነሱ ወግ ምራት በአማቷ ፊት ቀና ብላ አትሄድም፣ አትናገርም፤ አማትም ምራቱን በስሟ አይጠራም። ነጋድራስ ሲፈልጋት «አንቺ» ይላታል፣ ለሰው ሲያወራ «የልጄ ሚስት» ይላል። ለነጂዎቹም «እሜቴ» ናት።

ሐይቁ ዳር ሲያድሩ ተሻገር ወደፊት ያለውን የወንዝ መሻገሪያ ሊያይ ቀድሞ ሄዶ ነበር። ትርንጎ ደግሞ ካረገዘች ሦስተኛ ወሯ ነው። ለማንም አልተናገረችም፤ ለባሏ እንኳ ገና አፏ አልደፈረላትም። ጎህ ሲቀድ ሆዷን ሲያገላብጣት ወንዶቹ እንዳያዩኝ ብላ ጉብታውን ተሻግራ ጫካ ገባች። አስመለሳትና አንድ ዋርካ ሥር ጋደም አለች። ጥቂት ዓይኔን ልክደን እንዳለች እንቅልፍ ወሰዳት።

ከወዲህ ነጋድራስ በቅሎዎቹን ጠራ፣ ሁሉም ተገኙ፣ ገላግሌም «ሙሉ ነው» አለ። አልዋሸም፤ በቅሎዎቹ ሙሉ ነበሩ። የፊተኞቹ ከኋላ ናት ሲሉ፣ የኋለኞቹ ከፊት ናት ሲሉ፣ ሲራራው ሄደ። ትርንጎ ስትነቃ ፀሐይ አናቷ ላይ ቆማለች። እየሮጠች ጉብታው ላይ ብትወጣ የጥቅምት ነፋስ አሸዋውን ሲገለብጠው አርፍዶ የኮቴ ምልክት እንኳ አልነበረም። ያን ጊዜ በዚያ አገር ሰው ፈንጋይ ይዞር ነበር፤ ብቻውን ያገኘውን አስሮ ይሸጣል። ስለዚህ ገላጣ ላይ መቆሙን ፈርታ ወደ ዋርካዋ ተመለሰች፣ በነጠላዋ ጫፍ የቋጠረቻትንም አንድ እፍኝ በሶ በሐይቁ ውሃ እየበጠበጠች ለሁለት ቀን አብቃቃቻት። ለራሷ ሳይሆን ለሆዷ ነው የፈራችው ይላሉ።

መጥፋቷ የታወቀው ሲራራው ለማደር ሲያራግፍ ነው። እንዴት ታወቀ ቢሉ፣ ስንቅ የሚያቀርብ ጠፍቶ። ሽማግሌዎቹ እዚህ ላይ ሲደርሱ አንገታቸውን ይደፋሉ፤ ቀኑን ሙሉ ልብ ያላላት ሰው ሲርበው ነው የፈለጋት።

ከነጋዴዎቹ አንዱ፣ «ነጋድራስ፣ ገበያው ሊያመልጠን ነው። አንዱ መንደር ተጠግታ ይሆናል፣ እግዜር ያውቅላታል» አለ።

«ልጄ መሻገሪያው ላይ ቆሞ ይጠብቀኛል» አለ ነጋድራስ። «ሚስቴስ ሲለኝ ሠላሳ በቅሎ ላሳየው? እናንተ ሂዱ፣ እኔ እመለሳለሁ።»

ወገግ ሲል ገላግሌን አስከትሎ ተነሣ። ሲጋልቡ ውለው ከሰዓት በኋላ ከጉብታው ደረሱ። ነጋድራስ አናቱ ላይ ወጥቶ፣ እጁን አፉ ላይ ደግኖ ሊጣራ አየር ሳበ። ምን ብሎ ይጥራት? ወደ ገላግሌ ዞረና፣

«ስሟ ማነው?» አለው።

«እኔ በምን አውቄ ጌታዬ? እሜቴ ነው የምላት።»

«ሠርጉ ላይ ነግረውኝ ነበር» አለ ነጋድራስ። ነገር ግን ከዚያ ሠርግ ትዝ የሚለው የሙሽራይቱ ቤተሰብ የሸለመው በቅሎ ብቻ ነበር።

ቢቸግረው «አንቺ ሴት! አንቺ ሴት ወዴት ነሽ!» እያለ ጮኸ። ትርንጎ ሰማችው። ነፋስ የቆራረጠው የወንድ ድምፅ ነው፤ ሴት ይፈልጋል፣ የማንንም ስም አይጠራም። ፈንጋይ ነው ብላ ልብሷን ሰብስባ ወደ ውስጥ ሸሸች። እሱ በጮኸ ቁጥር እሷ ትርቃለች፤ የሚያድናት ድምፅ ነበር የሚያባርራት።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነጋድራስ አሸዋው ላይ ቁጭ ብሎ አለቀሰ ይባላል። «የበቅሎዎቼን ዘር ማንዘር የማውቅ ሰውዬ፣ ቤቴ የገባችውን ልጅ ስም አላውቅም። እንዲህ ያለ አባት ይሁን?» አለ።

ገላግሌ አንገቱን እያከከ፣ «ጌታዬ፣ እኛ የሷን ስም ባናውቅ እሷ የኛን በቅሎዎች ታውቃለች። እስቲ የማለዳውን ጥሪ ይጥሩት» አለ።

ነጋድራስ ያሾፈበት መስሎት ገላመጠው። ቆይቶ ግን ተነሣ። «ዳማ!» አለ። ገላግሌ «አለ» አለ። «ቦራ!» «አለ።» «ጉራች!» «አለ።» ባዶ አሸዋ ላይ ሁለት ጎልማሶች የሌለ በቅሎ ሲጠሩ ያየ ቢኖር፣ አብደዋል ብሎ ጠበል ይወስዳቸው ነበር። ሃያዎቹን አልፈው ወደ መጨረሻዎቹ ሲቃረቡ ትርንጎ ከዛፎቹ መሃል ወጣች። ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣል አድርጋ፣ እንደ ወጉ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ ቆመች። ነጋድራስ ሊቆጣ አፉን ከፈተ፤ ቁጣው ግን አልመጣለትም።

«ልጄ፣ ስምሽ ማነው?» አላት።

ነጠላዋን ይበልጥ ወደ ፊቷ ሳበች። ለአማት አፍ አውጥቶ መመለስ ነውር ነው።

«ሳትነግሪኝ ከዚህች አልነቃነቅም።»

«ትርንጎ» አለች በቀስታ።

እስከ መሻገሪያው ድረስ በቅሎው ላይ አስቀምጧት እሱ በእግሩ ሄደ። ሲራራው በተሰበሰበበት ማለዳም ከበቅሎዎቹ በፊት ሰዎቹን ሊጠራ ከፊት ቆመና «ትርንጎ!» አለ። ባሏ ተሻገር አፍራለች ብሎ «አለች አባዬ» ሲል፣ «አንተን አልጠራሁም» አለው። ሠላሳ በቅሎ ተጭኖ ቆሞ፣ ነጋዴው ሁሉ እያየ፣ እስክትመልስለት ጠበቀ። «አለሁ» አለች። ልጇም በደህና ተወልዶ እሱም ሲራራ ነጋዴ ሆነ ይላሉ፤ ልማዱም ከነጋዴ ለነጋዴ ሲተላለፍ ቆይቶ ከሾፌሮቹ እጅ ደረሰ።

እውነት ይሁን ተረት እኔ ምን አውቃለሁ። ያየሁትን ግን ልንገራችሁ። ባለፈው ኅዳር ከእኛ ሚኒባስ አንዲት ሸምገል ያሉ ሴት ሲወርዱ ሾፌሩ ስማቸውን ጠየቃቸው።

«የዳዊት እናት በለኝ» አሉ።

«የልጅዎን አይደለም እማማ፣ የእርስዎን ነው።»

«እንግዲያ የአቶ ንጋቱ ባለቤት፣ ነፍሱን ይማረው።»

«የእርስዎን እማማ» አለ ሾፌሩ እጅ ነስቶ።

ሴትዮዋ በሩን እንደያዙ ቆዩ። ከኋላቸው ያለነው ለመውረድ ቸኩለን ነበር፤ ግን ማናችንም አልገፋናቸውም። «አሰገደች» አሉ በመጨረሻ። «እናቴ እንዲያ ነበር የምትለኝ።»

አሸዋውን ወጥተን፣ ጫካውን ዞረን፣ ተመልሰን ተሳፈርን። ሾፌሩ ሁላችንንም ጠርቶ ጨረሰና ወደ ኋለኛው ወንበር ቀና ብሎ፣

«ወይዘሮ አሰገደች!» አለ።

«አለሁ» አሉ። መኪናው ተነሥቶ ጥቂት እንደሄደም፣ ማንም ሳይጠራቸው፣ ለራሳቸው ደግመው «አለሁ» አሉ።