ማኅተም ያልተመታበት የድረሱልኝ ጥሪ

በኢንተርኔት ጨዋታ ውስጥ የተቆረቆረች አንዲት ከተማ ነበረች። ተጫዋቾቿ ግማሹ ፖሊስ፣ ግማሹ ሌባ፣ ግማሹ ነጋዴ ሆነው ይኖሩባታል። ታዲያ የአደጋ ጥሪ ቁልፉን ዶሮ የጠፋበትም ይጫነዋል፣ ታክሲ የዘገየበትም ይጫነዋል። እሳት አደጋው እየከነፈ መጥቶ ዶሮ ሲፈልግ ይውላል።

ይህ ያንገሸገሻቸው ከንቲባ ደምመላሽ፣ ማመልከቻ ጽፎ የከንቲባውን ማኅተም ሳያስመታ ቁልፉን የተጫነ ሁሉ ከጨዋታው ይባረራል ብለው አወጁ።

ማዘጋጃ ቤቱ በር ላይ ቲማቲም የምትሸጥ አንዲት ምላሰኛ ሴት ነበረች። ሌቦች መደቧን ሲዘርፉባት ማመልከቻዋን ይዛ ሮጠች። «ክቡርነታቸው ስብሰባ ላይ ናቸው፣ ነገ ተመለሺ» ተባለች። በማግስቱም እንዲሁ፣ በሳልስቱም እንዲሁ። ሌቦቹ ቲማቲሙን ጨርሰው ሽንኩርቱን ጀመሩ።

በአራተኛው ቀን ማዘጋጃ ቤቱ በእሳት ተያያዘ። ከንቲባው ክራቫታቸው እየጨሰ በመስኮት ዘለው ሲወጡ፣ ሴትዮዋ መደቧ ላይ ቁጭ ብላለች።

«አንቺ! እሳቱ በዚህ በር ሲገባ እያየሽ ዝም አልሽ? ዛሬውኑ ትባረሪያለሽ!» ብለው አምባረቁ።

ሴትዮዋ ቁልፉን ብትጫን መባረር፣ ባትጫን መባረር መሆኑ ገባት። መቀነቷን ጠበቅ አድርጋ ተነሳች።

«ኧረ ዝምስ አላልኩም፣ ክቡር ከንቲባ» አለች። «‹ክቡርነታቸው ስብሰባ ላይ ናቸው፣ ነገ ተመለስ› ብዬው ነበር። ምን ያደርጋል፣ እንደኛ የሚመላለስ ባለጉዳይ አይደለም፤ ጥሎኝ ዘው አለ።»