ፖርቶመጋላው ካልመጣ

ተረት ልነግራችሁ ነው፤ ቁጭ በሉ። መቀመጫ ካላችሁ ማለቴ ነው። ይህ ነገር በሆነበት ከተማ መቀመጫ እንኳ ባለቤቱ ዘንድ አይገኝም።

ሸኖ ውስጥ እትዬ ማንጠግቦሽ የሚባሉ ሴት ነበሩ። ልጃቸው ትርፌ ደብረ ብርሃን ትኖራለች፤ የመጀመሪያ ልጇን ከወለደች ሳምንት አልሞላትም። አንድ ጠዋት ስልክ ደወለች።

«እማዬ፣ ደህና ነኝ፤ ልጁም ደህና ነው። ብቻ...»

«ብቻ ምን?»

«አልጋ ገና አልገዛንም። ፍራሹን መሬት ላይ ነው ያነጠፍነው። ወለሉ ሲሚንቶ ስለሆነ ይበርዳል።»

እትዬ ማንጠግቦሽ የደብረ ብርሃንን ብርድ ያውቁታል፤ ለጎረምሳም አይራራም፣ እንኳን ለአራስ። ስልኩን ዘግተው ወደ ጓዳ ገቡ። ትርፌ ራሷ የተወለደችበት የጣውላ አልጋ እዚያ ቆሟል፤ ዛሬ ሽንኩርት ተኝቶበታል። ሽንኩርቱን አራገፉና «ልጄ ዛሬ መሬት ላይ አታድርም!» አሉ። ፍላጎታቸው ይህችው ናት፤ አንዲት አልጋ ደብረ ብርሃን ማድረስ።

መጀመሪያ መናኸሪያ ሄዱ። የሚኒባሱ ረዳት ከላይ እስከ ታች አያቸውና «እናቴ፣ አልጋ ተሳፋሪ ነው እንዴ?» አላቸው። ተናደው ጎረቤታቸው አስታጥቄ ዘንድ ሄዱ። አስታጥቄ አንዲት አሮጌ ላዳ አለችው፤ በጨርቅ እየወለወለ አገኙት።

«አስታጥቄ፣ አልጋዬን ደብረ ብርሃን አድርስልኝ።»

«በደስታ ነበር እትዬ፤ ግን ፖርቶመጋላው የለም።»

ፖርቶመጋላው ጣሪያ ላይ ዕቃ የሚጫንበት ብረት ነው። ሲፈልጉ ይታሰራል፣ ሲፈልጉ ይፈታል። ክፋቱም እዚህ ላይ ነው፤ የሚፈታ ነገር ሁሉ በዚህ ከተማ ውሰቱ አያልቅም።

«የት ሄደ?»

«እትዬ አመልማል ዘንድ። የጥጃቸውን ጋጣ ዘግተውበታል። ያለሱ ከጫንኩ ጣሪያዬ ይጎብጣል።»

ፖርቶመጋላው ካልመጣ ላዳው አልጋውን አይሸከምም፤ አልጋው ካልሄደ ትርፌ ከመሬት አትነሳም። እትዬ ማንጠግቦሽ ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ አመልማል ገሰገሱ።

እውነትም ፖርቶመጋላው በጋጣው ደፍ ላይ በገመድ ተጠፍሮ ቆሟል። ጥጃው በብረቶቹ መሃል አፍንጫውን አውጥቶ መንገደኛ ያያል።

«አመልማል እህቴ፣ ይህን ብረት ስጪኝ፤ ልጄ መሬት ላይ ተኝታብኛለች።»

«ውይ በሞትኩት! ግን ማንጠግቦሽ፣ ይህን ከፈታሁ ጥጃው ሮጦ ላሟን ይጠባታል። ለልጆቼ ምን ላጠጣ? የጋጣዬን መዝጊያ ጓንጉል ባለ ወፍጮው ወስዶታል። እሱን አምጪልኝና ብረቱን ተሸክሜ አመጣልሻለሁ።»

መዝጊያው ካልመጣ አመልማል ፖርቶመጋላውን አትለቅም፤ ፖርቶመጋላው ካልመጣ ላዳው አልጋውን አይሸከምም፤ አልጋው ካልሄደ ትርፌ ከመሬት አትነሳም። እትዬ ማንጠግቦሽ ወደ ወፍጮ ቤቱ ወረዱ።

ወፍጮ ቤቱ ፊት ለፊት ቦይ አለ። በቦዩ ላይ የአመልማል መዝጊያ ከነማጠፊያው ተጋድሟል፤ በላዩ አህዮች እህል ተሸክመው ይሻገራሉ። ጓንጉል ቅንድቡ ድረስ ዱቄት ለብሶ ወጣ።

«ጓንጉል፣ የሰው በር ረግጠህ ትነግዳለህ?»

«ምን ላድርግ እትዬ? የድልድዬን ጣውላ ፋናዬ ወሰደችው። ይህን ካነሳሁ አህዮቹ ቦይ ይገባሉ፤ ትናንት አንዷ ያለ ድልድይ ልሻገር ብላ ስትወድቅ፣ ባለቤቷ የሰደበኝን ስድብ ለእርስዎ አልደግመውም። ጣውላዬን ያምጡልኝ፣ መዝጊያውን ይውሰዱ።»

ፋናዬ ማለት ጠጅ ቤት ያላት ናት። እንግዲህ ቁጠሩልኝ። ጣውላው ካልመጣ ጓንጉል መዝጊያውን አይለቅም፤ መዝጊያው ካልመጣ አመልማል ፖርቶመጋላውን አትለቅም፤ ፖርቶመጋላው ካልመጣ ላዳው አልጋውን አይሸከምም፤ አልጋው ካልሄደ ትርፌ ከመሬት አትነሳም። ፀሐይዋ ከአናት በላይ ሆናለች፣ የእትዬ ማንጠግቦሽ ጫማም መቆንጠጥ ጀምሯል።

ጠጅ ቤቱ ውስጥ ጣውላው በሁለት ድንጋይ ላይ ተጋድሟል። ሰባት የሚያህሉ ጠጪዎች ተደርድረው ተቀምጠውበታል፤ አንዱ ሲነሳ ሌላው እንዳይወድቅ ሁሉም አብረው ይነሳሉ፣ አብረው ይቀመጣሉ።

«ፋናዬ ልጄ፣ ጣውላውን ፈልጌ ነበር።»

«ውይ እትዬ! ይህን ከወሰዱ ደንበኞቼ የት ይቀመጣሉ? ጠጅ ደግሞ ቆሞ አይጠጣም።»

«እንዴታ!» አሉ ጠጪዎቹ ባንድ አፍ።

«አግዳሚ ወንበር አልነበረሽም?»

«ነበረኝ። ጋሽ ድፋባቸው፣ የእድራችን ዘበኛ፣ ወስደው ተኝተውበታል።»

አግዳሚው ካልመጣ ፋናዬ ጣውላውን አትለቅም፤ ጣውላው ካልመጣ ጓንጉል መዝጊያውን አይለቅም፤ መዝጊያው ካልመጣ አመልማል ፖርቶመጋላውን አትለቅም፤ ፖርቶመጋላው ካልመጣ ላዳው አልጋውን አይሸከምም፤ አልጋው ካልሄደ ትርፌ ከመሬት አትነሳም። «ምን ዓይነት ከተማ ነው!» እያሉ እትዬ ማንጠግቦሽ ወደ እድሩ መጋዘን ወጡ፤ እሳቸውም የዚያው ከተማ ሰው መሆናቸውን ረስተውት።

ጋሽ ድፋባቸው ሌሊቱን የእድሩን ድስትና ድንኳን ሲጠብቁ ያድራሉ፣ ቀኑን ይተኛሉ። ያን ሰዓት አግዳሚው ላይ በጀርባቸው ተዘርግተው፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው ያንኮራፋሉ። እትዬ ማንጠግቦሽ ሳል ሳል አሉ። አልሰሙም። በሩን ቆረቆሩ። አልሰሙም። በመጨረሻ «ሌባ!» ብለው ጮኹ።

«የታል?» ብለው ዘበኛው ዱላቸውን ይዘው ተነሱ።

«የለም፤ እኔ ነኝ። ጋሽ ድፋባቸው፣ ይህን አግዳሚ ይልቀቁልኝ።»

«ለቅቄ ምን ላይ ልጋደም?» አሉና ተመልሰው ተኙ።

እዚህ ላይ እትዬ ማንጠግቦሽ ደረጃው ላይ ቁጭ አሉና ሁሉንም ባንድ ትንፋሽ ተናገሩት። «እርስዎ ካልተነሱ አግዳሚው አይመጣም፤ አግዳሚው ካልመጣ ፋናዬ ጣውላውን አትለቅም፤ ጣውላው ካልመጣ ጓንጉል መዝጊያውን አይለቅም፤ መዝጊያው ካልመጣ አመልማል ፖርቶመጋላውን አትለቅም፤ ፖርቶመጋላው ካልመጣ ላዳው አልጋውን አይሸከምም፤ አልጋው ካልሄደ ልጄ ከመሬት አትነሳም! አራስ ናት ጋሽዬ፤ ብርድ ይመታብኛል!» እንባቸው መጣ።

ጋሽ ድፋባቸው ክፉ ሰው አይደሉም። በክንዳቸው ተደግፈው ቀና አሉ።

«አይዞሽ ማንጠግቦሽ። እኔም እኮ ወድጄ አይደለም። አልጋዬ እግሩ ተሰብሮ ደብረ ብርሃን አናጺ ዘንድ ተላከ። ተሠርቶ ካለቀ ከረመ፤ የሚያመጣልኝ መኪና አጣሁ።»

«ማን ነበር የወሰደልዎት?»

«አስታጥቄ ነዋ! ያኔ ላዳው ፖርቶመጋላ ነበረው። አሁን ሄጄ ብለምነው ፖርቶመጋላው የለም አለኝ።»

እትዬ ማንጠግቦሽ እንባቸውን ጠርገው አሰቡ። የዘበኛው አልጋ ሲሄድ ዘበኛው አግዳሚውን ወሰዱ፤ አግዳሚው ሲሄድ ፋናዬ ጣውላውን ወሰደች፤ ጣውላው ሲሄድ ጓንጉል መዝጊያውን ወሰደ፤ መዝጊያው ሲሄድ አመልማል ፖርቶመጋላውን ወሰደች፤ ፖርቶመጋላው ሲሄድ የዘበኛው አልጋ እዚያው ቀረ! ከተማው በሙሉ አንድ ብረት እየጠበቀ ነው፣ ብረቱ ደግሞ ጥጃ እየጠበቀ ነው። ሳቃቸው መጣ፤ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ።

«ጋሽ ድፋባቸው፣ ቁጭ ብለው መተኛት ይችላሉ?»

«ዘበኛ ነኝ እኮ! ቆሜም እተኛለሁ።»

«እንግዲያው ይነሱልኝ! ከእኛ ጋር ላዳው ውስጥ ተኝተው ይሂዱ። የኔን አልጋ እናደርሳለን፣ ስንጨርስ የእርስዎን ጭነው ይመለሳሉ።»

ጋሽ ድፋባቸው ተነሱ። እሳቸው ሲነሱ አግዳሚው ሄደ፤ አግዳሚው ሲደርስ ጠጪዎቹ አብረው ብድግ አሉና ጣውላው ሄደ፤ ጣውላው ሲደርስ መዝጊያው ከቦዩ ተነሳ፤ መዝጊያው ሲደርስ ፖርቶመጋላው ተፈታ። ገመዱ ሲፈታና መዝጊያው ሲገጠም መሃል ላይ ግን ጥጃው ሾልኮ ላሟን አንድ ሁለት ጊዜ ሳባት፤ የአመልማል ጩኸት መናኸሪያ ድረስ ተሰማ። ፖርቶመጋላው ላዳው ላይ ወጣ። አስታጥቄ ገለባውን አራግፎ፣ ጥጃው የላሰውን በጨርቁ ጠርጎ፣ እግሮቹን ከጣሪያው ጠርዝ አጋጥሞ ብሎኖቹን ጠበቅ ጠበቅ አደረገ። አልጋው እግሮቹን ወደ ሰማይ ሰቅሎ ተጫነ።

መንገዱን ሙሉ የደጋ ንፋስ በፖርቶመጋላው ውስጥ ያፏጫል፣ ጋሽ ድፋባቸው ከኋላ ወንበር ያንኮራፋሉ። አስታጥቄ ሁለት ጊዜ ሞተሩ ነው ብሎ ቆሞ ከፍቶ አየ።

ደብረ ብርሃን ሲደርሱ ፀሐይ ልትጠልቅ ነው። የትርፌ ባልና አስታጥቄ አልጋውን አስገብተው ፍራሹን አነጠፉበት። ትርፌ ሕፃኑን ታቅፋ ቆማለች፣ ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

«ቆይ፣ አትተኚ» አሉ እትዬ ማንጠግቦሽ። «መንገድ ላይ ተወላልቆ እንዳይሆን እስቲ መጀመሪያ ልሞክረው።»

ጫማቸውን አውልቀው ጋደም አሉ። አልጋው ሲጥ አለና ዝም አለ። እሳቸውም ዝም አሉ።

«እማዬ?»

ትርፌ ጠጋ ብላ ጎንበስ አለች።

«እማዬ! ደህና ነው አልጋው?»

እትዬ ማንጠግቦሽ ቀን ሙሉ በእግራቸው ሲንከራተቱ ውለው፣ ከጋሽ ድፋባቸው የማያንስ ማንኮራፋት ጀምረዋል። ትርፌ በሳቅ ሞተች። ቀስ ብላ ከጎናቸው ወጣች፤ ሕፃኑን መሃል አስገባችው። ከእናቷ ጀርባ ሙቀት ይመጣል። ሲሚንቶው ከታች ብቻውን ቀረ።

ላዳውም የዘበኛውን አልጋ ጭኖ እያፏጨ ወደ ሸኖ ተመለሰ። እኔም ተረቴን እዚያው ፖርቶመጋላው ላይ አስሬዋለሁ። የፈለገ ሰው ይፍታና ይዋሰው፤ ብቻ አደራ፣ በር እንዳትዘጉበት።