ሐይቅ ላይ የቀረው ከበሮ

አንድ ሙሽራ ሚስቱን ሊወስድ ሐይቅ ሲሻገር ከበሮው ውሃ ውስጥ ወደቀበት።

ከበሮ ነው፣ ምን አለበት ትሉ ይሆናል። በዚያ አገር ግን ወጉ ሌላ ነው። የሙሽራው ወገን ከበሮ በሙሽሪት አባት ደጅ ካልተሰማ በሩ አይከፈትም። ከበሮ የሌለው ሰርገኛ እንደ መንገደኛ ይቆጠራል፤ ይበላል፣ ይጠጣል፣ ልጅ ግን አይወስድም። ከሙሽሪት ወገን መዋስም አይሆንም፤ «በአማቱ ከበሮ የገባ» እየተባለ እስከ ልጅ ልጁ ይሰደብበታል። ደግሞ ቀኑ የቅበላ እሑድ ነበር። ሰኞ ዐቢይ ጾም ይገባል፤ በጾም ደግሞ ሰርግ የለም። በሩ ያን ቀን ካልተከፈተ ሞላልኝ፣ ሙሽራው ማለት ነው፣ ሙሽሪት እንጉዳይን የሚያገኛት ከፋሲካ ወዲያ ነው።

ከበሮውን የጣለው ሚዜው ይበልጣል ነው። ዳር ሊደርሱ ጥቂት ሲቀራቸው ደስ አለውና ብድግ ብሎ ጨፈረ። የደንገል ታንኳ ደግሞ ጭፈራ አይወድም። ዘነበለ። ሰዎቹን እግዚአብሔር አወጣቸው፤ ከበሮው ግን እዚያው ተንሳፍፎ ቀረ።

ይበልጣል በሰርግ ልብሱ እንደገና ውሃ መግባት አልፈለገም። «ብልሃት አለኝ» አለና ከከበሮው ወዲያ ድንጋይ ይወረውር ጀመር፤ ሞገዱ እየገፋ ያመጣልኛል ማለቱ ነው። ድንጋዩ ሲወድቅ ሞገዱ ክብ ክብ እየሠራ ይመጣል፣ ከከበሮው ሥር ይገባል። ከበሮው ከፍ ይላል፣ ዝቅ ይላል። ሞገዱ አልፎ ዳር ደርሶ የይበልጣልን እግር ያርሳል። ከበሮው እዚያው ነው።

የሙሽሪት ጓደኞች በር ሊዘጉ ወጥተው ይህን አዩ።

«አያ ሚዜ፣ ከበሮው እስክስታ ወረደልህ እኮ!» አለች አንዷ።

«ድንጋዩ ሲያልቅብህ ተራራውን ሞክር!» አለች ሌላዋ።

በመጨረሻ ልብሱን አውልቆ ዋኘና አወጣው። ምን ያደርጋል፣ ቆዳው ውሃ ጠጥቶ ላልቷል። ቢመቱት እንደ ሊጥ ጠፍ ይላል እንጂ አይጮኽም። እሳት ዳር ቢያስጠጉት ይቀደዳል። በፀሐይ ይድረቅ እንዳይባል ፀሐይዋ ራሷ ወደ ተራራው ተጠግታለች።

የሙሽሪት አባት ጭቃ ሹም ነበሩ። ወንበር አስመጥተው በሩ ላይ ተቀምጠዋል። ሞላልኝ ጉልበታቸውን ስሞ፣

«አባባ፣ ይማሩኝ። ከበሮው አልጠፋም፣ ረጥቦ ነው» አላቸው።

«ልጄ፣ እኔ አልጠላሁህም» አሉ። «ግን ለታላቅ እህቷ ያስከበርኩትን ወግ ለእሷ ባፈርሰው አገር ምን ይለኛል? ከበሮህ ደጄ ይሰማ፣ በሩ ያንተ ነው።»

እንጉዳይ ጓዳ ሆና ይህን ሁሉ ትሰማለች። ሙሽራ በሰርጓ ቀን አትናገርም። ስለዚህ አክስቷን ጠርታ በጆሮዋ አንሾካሾከችላት። አክስቲቱም ወጣች።

«ወንድምዓለም፣ ልጅህ አንድ ነገር ጠይቂልኝ ብላኛለች።»

«ሙሽራ ትጠይቃለች እንዴ?»

«ዛሬ ጠየቀች። ወጉ ከበሮው ይምጣ ነው የሚለው ወይስ ይሰማ? ትላለች።»

ጭቃ ሹሙ ጢማቸውን እያሹ አሰቡ። «ይሰማ ነው የሚለው።»

«እንግዲያው፣ ከበሮው ባለበት ቆሞ ሞገዱ ብቻውን ዳር ደርሶ የለም ወይ? ትላለች። ድምፅም እንደዚያው ነው፤ ከበሮው ማዶ ቢቀር እሱ ይሻገራል። የሞላልኝ እናት ቤት ሌላ ከበሮ አለ።»

«ማን ሄዶ ምቱ ይበላቸው? እስኪደርስ ይመሽ የለም?»

አክስቲቱ ሳቀች። «እሱንም ብላለች። ሰርገኞቹ መድረሳቸውን ለማዶ አብርተዋል ወይ? ብላለች።»

ሰርገኞቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። በዚያ ሐይቅ ሰርገኛ በደህና ሲሻገር መስታወት በፀሐይ ያብለጨልጫል። ማዶ የቀሩት እናቶች ብልጭታውን ሲያዩ ደርሰዋል ብለው ከበሮ ይመታሉ፣ እልል ይላሉ። እነሞላልኝ በከበሮው ጣጣ ረስተውታል። ማዶ ያለችው እናቱ ግን ታንኳው ሲዘነብል ከሩቅ አይታ፣ ልጄ ሰጠመ ወይስ ዳነ እያለች ውሃው ዳር ቆማለች።

አክስቲቱ የሙሽሪትን መስታወት አመጣች። ይበልጣል ከእጇ ተቀብሎ ወደ ዳር ሮጠ፤ ፀሐይዋን በመስታወቱ ያዘና ወደ ማዶ ላካት። ታንኳ አንድ ሰዓት የሚንፏቀቅበትን ውሃ ብርሃኑ ዐይን ሳይጨፈን ተሻገረው።

ጭቃ ሹሙ እጃቸውን አነሡ። «ዝም በሉ! ሕፃን ያለሽም አጥቢ!»

ሰርግ ቤቱ ጸጥ አለ። ነፋሱ ወድቋል፣ ውሃው ረግቷል። ምንም የለም። ይበልጣል ከንፈሩን ነከሰ። ብርሃኑ እየበረረ የሄደበትን መንገድ ድምፅ በእግሩ ነው የሚመጣው፤ መጠበቅ ይፈልጋል።

ድም... ድም... ድም።

ከከበሮውም ኋላ እልልታ፣ እንደ ፈትል ቀጥኖ።

«ሰማህ ወንድምዓለም?» አለች አክስቲቱ።

«ዝም በይ፣ እየሰማሁ ነው!» አሉና ወደ ሞላልኝ ዞሩ። «የማን እጅ ነው?»

«የእናቴ ነው አባባ። አውቀዋለሁ» አለ እየሳቀ እያለቀሰ። «መዳኔን አውቃለች።»

ጭቃ ሹሙ መልስ ሊሰጡ አፋቸውን ከፈቱ። አፋቸው እሺ ሳይል ግን ትከሻቸው እሺ አለ። እስክስታውን እየወረዱ ተነሡና ወንበሩን ከበሩ ላይ በእግራቸው ገፉት።

ወገኖቼ፣ ይህን አስተውሉ። ከማዶ አንድ ሰው አልመጣም፣ አንድ ዕቃ አልተጫነም፤ ደስታው ግን ደረሰ። የውሃ ጠብታ በቦታዋ ከፍ ዝቅ ብላ ለጎረቤቷ ታቀብላለች እንጂ ከሞገዱ ጋር አትሄድም። አየርም ድምፅን እንዲሁ ተቀባብሎ ያደርሳል። ብርሃንማ ከዚህም ይብሳል። እሱም ሞገድ ነው ይላሉ የተማሩት፤ ነገር ግን ውሃም አየርም አይፈልግም፣ ከፀሐይ እስከ እኛ ያለውን ባዶ መንገድ ብቻውን ይመጣል። ወንድሞችም አሉት። ራዲዮ የሚያናግረው፣ እሳቱን ሳንነካ ፊታችንን የሚያሞቀው፣ ሐኪም አጥንታችንን የሚያይበት ጨረር፣ ሁሉም አንድ ቤተሰብ ናቸው፤ የሚለያቸው የሞገዳቸው መርዘምና ማጠር ነው። ዐይናችን ከዚህ ሁሉ የምታየው በአንዲት ጠባብ መስኮት የሚገባውን ብቻ ነው። ላየነውም ላላየነውም ፈጣሪ ይመስገን።

እንግዲህ ሩቅ ላለ ሰው መልካም ለመሆን የግድ ሩቅ መሄድ የለብህም። በቆምክበት ሆነህ ለጎንህ አቀብል፤ ደግ ቃል ቢሆን፣ ጸሎት ቢሆን። ያቀበልከው አንተ ያልረገጥከው ደጅ ድረስ ይሄዳል። ማን እንደተደሰተበት ላታውቅ ትችላለህ፤ ጠብታዋም አታውቅም።

አሁን ልጠይቅህ። ከአንተ ማዶ፣ ዳነ ወይስ ሰጠመ እያለ ውሃ ዳር የቆመልህ ማን አለ? ፀሐይዋ ሳትገባ አብርተህለታል?