ነጩን ተራራ የጠበቀው ዝንጀሮ

ኑ፣ ቀረብ በሉ። የቆመ ይቀመጥ፣ የሚያንሾካሹክ ይተው፤ እኔ አንዴ ከጀመርኩ ለማንም ብዬ አልደግምም።

ድሮ ድሮ፣ እንስሳት እንደ ሰው ውል በሚዋዋሉበት ዘመን፣ አንድ በረሃ ነበረ። አገሩን አትጠይቁኝ። አሸዋው እግር ያቃጥላል፣ ሰማዩ ዝናብ ረስቷል። በበረሃው መካከል አንድ ትልቅ ተራራ ቆሟል፤ ከግርጌው ሜዳ ላይ ደግሞ አንድ ኩሬና አንዲት ግራር አሉ። የሜዳው እንስሳት ሁሉ በዚያች ግራር ጥላ ሥር ተጠጋግተው ይውላሉ።

ተራራውን የያዘው አያ ዝንጀሮ ነው። ምን ያህል ንፉግ ነው ብትሉኝ፣ ከተራራው የተንከባለለ ድንጋይ እንኳ ሜዳ ላይ ቢያርፍ ወርዶ፣ ተሸክሞ ይመልሰዋል። ከገደሉ ጫፍ ቆሞ፣ «የላዩም የኔ፣ የታቹም የኔ» እያለ ይፎክራል። የሚጠጋውን እሱና ልጆቹ በድንጋይ ያባርሩታል።

አንድ ዓመት ኩሬው ደረቀ። የእመት አህይት ውርንጭላ ገና ወር አልሞላትም፤ የእናቷ ጡት በጥም ነጥፎ ሁለት ቀን ምንም አልቀመሰችም። ልቁም ስትል ጉልበቷ ይከዳታል። «እስከ ነገ ውሃ ካላገኘች ልጄ አትተርፍም» አለች እመት አህይት ለጎረቤቷ ለእመት ኤሊ። እመት ኤሊ አሮጊት ናት፣ ለሁሉ ነገር መላ አታጣም። ያን ቀን ግን የደረቀውን ኩሬ ብትጭር ብትጭር ጠብታ አላገኘችም።

ንጋት ላይ ጉድ ተፈጠረ። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። እንስሳቱ ዓይናቸውን ቢገልጡ፣ ማታ ጥቁር የነበረው ተራራ ከአናቱ እስከ ወገቡ ነጭ ሆኗል። ከሰማይ ደግሞ ተራራው ላይ ብቻ እንደ ተባዘተ ጥጥ ያለ ነገር ድምፅ ሳያሰማ ይወርዳል። በረዶ ነበር፤ ግን ጣራ የሚደበድበው ዓይነት አይደለም። በዚያ አገር አያት ቅድመ አያት አይቶት ስለማያውቅ ስሙን የሚያውቅ አልተገኘም። ባለ ረጅም ቀንዱ ሳላ ዘለለ፣ ሰጎኗ ክንፏን እያራገበች ሜዳውን ዞረችው። ይደሰቱ ይፍሩ አላወቁም፤ ብቻ ሁሉም በአንድ ጊዜ ያወራ ነበር።

አያ ዝንጀሮ ግን ወዲያው ስም አወጣለት። ከዓመታት በፊት ከነጋዴ ግመል ላይ አንዲት አሞሌ ሰርቆ ልሶ ነበርና፣ ከዚያ ወዲህ በሕልሙም በእውኑም የሚያየው ጨው ነው።

«ጨው ነው» አለ። «ሰማይ ለኔ ብቻ ጨው አዘነበልኝ።»

ሚስቱ ልትቀምስ እጇን ብትሰድ ያዛት። «ዛሬ አንቺ ብትቀምሺ፣ ነገ ልጆቹ ቢቀምሱ፣ ምን ይቀራል? እኔም ራሴ አልቀምስም።» ከዚያም ከነጩ ክምር አናት ላይ ቂጢጥ አለና፣ «የላዩም የኔ፣ የታቹም የኔ» አለ። ያን ጊዜ እሱንም ጥሙ ይዞታል እኮ፤ ምላሱ ላንቃው ላይ ተጣብቋል። ከንቱ።

በዚህ መካከል አንዲት ብናኝ ነፋስ ገፍቷት ሜዳ ወረደችና ውርንጭላዋ አፍንጫ ላይ አረፈች። ውርንጭላዋ ላሰቻት። የወደቀው ጆሮዋ ቀጥ አለ።

«እማዬ፣ ውሃ» አለች።

አህይት ልታናፋ አፏን ስትከፍት እመት ኤሊ እግሯን ረገጠቻት። «ዋጥ አድርጊው። ውሃ መሆኑን ከሰማ፣ የታቹም የኔ ብሎ ኩሬውን ይከብብብናል። ጨው ነው እንዳለ ይቆይ። አፍንጫ ላይ የቀለጠ፣ ፀሐይ ስትነካውም ይቀልጣል። ነይ ተከተይኝ።»

ሁለቱ ሄደው ከገደሉ ሥር ቆሙ።

«አያ ዝንጀሮ፣ እንኳን ደስ አለህ» አለች ኤሊ።

«ምን ፈለጋችሁ? አንዲት ቅንጣት አልሰጥም።»

«ማን ለመነህ? እኛ የመጣነው ለውል ነው። ላይ ያለው ያንተ ይሁን፣ ዓይናችንን አናነሳበትም። በራሱ ጊዜ ወደ ሜዳ የወረደው ደግሞ የኛ ይሁን።»

ዝንጀሮ ሆዱን ይዞ ሳቀ። «ጨው እግር አለው እንዴ? እሺ፣ ለዚህስ ምን ትሰጡኛላችሁ?»

በእጃቸው የቀረችው ግራሯ ብቻ ናት። «ግራራችንን ውሰድ» አለች ኤሊ።

የሜዳው እንስሳት ተንጫጩ። ሳላው፣ «አሮጊቷ አበደች። ያለ ጥላ ተጠብሰን እንለቅ?» አለ። አህይት ዞር ብላ የተኛችውን ልጇን አየች። «እኔም ተስማምቻለሁ» አለች።

በሬ በቀንዱ፣ ሰው በቃሉ ይያዛል፤ በዚያ ዘመን ዝንጀሮም በቃሉ ይያዝ ነበር። በልጆቹ ሁሉ ፊት ሦስት ጊዜ ማለ፤ «የላዩ የኔ፣ የታቹ የናንተ።»

ደመናው አልገለጥ አለ። ሳላው ኤሊን ይገላምጣታል፣ አህይት ሰማይ ሰማይ ታያለች፣ ውርንጭላዋ ዓይኗን መግለጥ ትታለች። ረፋድ ላይ ፀሐይ ብቅ አለች። ከአንድ ድንጋይ ሥር ጠብ አለ። ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ። ከዚያ ኮለል አለ። ከዚያማ ምን ልበላችሁ፣ በየሸንተረሩ እየዘለለ፣ ጠጠሩን እየገፋ፣ አንዱ ጅረት ሌላውን እየጠራ ሜዳው ላይ ደረሰ። የተሰነጠቀው ኩሬ መጀመሪያ ጠጣው፣ ኋላ ሞላ። አህይት ልጇን በአፍንጫዋ ገፍታ አስነሳችና ከሁሉ በፊት አጠጣቻት። ውርንጭላዋ ጠጥታ ጠጥታ ስታበቃ ቀና አለችና ሜዳውን ፈረጠጠችበት። እናቷ አለቀሰች። እኔም ብሆን አለቅስ ነበር።

ላይ ደግሞ አያ ዝንጀሮ አበደ። «ጨዌ ሄደ፣ ያዙት» ይላል። በእፍኙ ሲጨብጠው በጣቶቹ መካከል ይፈሳል፤ ዋሻ ውስጥ ሲከምረው እየተንጠባጠበ ይወጣል፤ ተኝቶ ሲያቅፈው ከሆዱ ሥር ይሟሟል። «ውሉ ፈርሷል» ቢል ልጆቹ፣ «አባታችን፣ ሦስት ጊዜ ምለሃል» ብለው፣ እናታቸውን አስከትለው ሊጠጡ ወረዱ።

ከሰዓት በኋላ ተራራው ተመልሶ ጠቆረ። ዝንጀሮ ከአንድ ድንጋይ ጥላ ሥር የመጨረሻዋን እፍኝ አገኘ። እንግዲህ ከሄደ አይቀር ልቅመሰው ብሎ አፉ ውስጥ ጨመራት። ጨው ጨው አላለችም። ቀዝቃዛ ውሃ ናት፤ ከደረቀው ጉሮሮው ሳትደርስ አለቀች። ከንጋት ጀምሮ ጥም እየገደለው የተቀመጠው ውሃ ላይ ኖሯል።

ጭራውን እየጎተተ ወረደ። እመት አህይት አየችውና ፈቀቅ አለችለት። «ጠጣ፣ አያ ዝንጀሮ። ለሁላችንም ይበቃል» አለችው። ጎንበስ ብሎ ጠጣ፤ ቀና ብሎ ማየት ግን አቃተው። ግራሯንም ማንም ሳይጠይቀው በዚያው ዕለት መለሰ።

እኔ የሰማሁትን ሰጠኋችሁ፤ እናንተም ለልጆቻችሁ አትሰስቱ።

ንፉግ ለሰው የነፈገ መስሎት ለራሱ ነፈገ።