ጥይት ያዋጡት አርባ ጎበዞች

አንድ አገር አልጋ በሚሻሙ ሁለት ወንድማማቾች ተከፍሎ እርስ በርሱ ይዋጋ ነበር። በዚያ አገር ወንዝ ዳር የሚኖሩ፣ ለአንደኛው ወንድም ያደሩ አርባ ገበሬዎች «የሹም ጠመንጃ አንጠብቅም» ብለው በሬያቸውን እየሸጡ በአንዴ ሰባት ጥይት የሚጎርሰውን «ሰባት ጎራሽ» ጠመንጃ ገዙ። የሠራዊቱ ጠመንጃ አንድ ተኩሶ እንደገና የሚጎርስ «አንድ ጎራሽ» ነበርና፣ አርባዎቹ ገበያ ሲወጡ ደረታቸው ከእግራቸው ቀድሞ ይደርስ ነበር። ቢኮሩስ ምን ይገርማል? አርሰው ባገኙት ነው።

ጠላት የሆነው የሌላኛው ወንድም ጦር የወንዙን መሻገሪያ ሊይዝ በመጣ ዕለት ገና ከማዶ መለሱት። ከዚያ በኋላ የሆነውን ባልናገር ደስ ባለኝ። እንደ አገሩ ወግ እያንዳንዱ ፎከረ፤ ፉከራውንም ወደ ላይ በመተኮስ ዘጋ። አንዱ ሁለት ቢተኩስ ሌላው አራት እያለ ሰማዩን ሲወጉ ዋሉ። በማግስቱ ዝናራቸውን ቢዳብሱ ለእያንዳንዱ ሰው የቀረው ሁለት ሦስት ጥይት ነው።

የጎበዝ አለቃቸው ደምለው ወደ ጦሩ ግምጃ ቤት ገሰገሰ። የግምጃ ቤቱ ሹም ሽማግሌ ነበሩ።

«ጥይትስ ሞልቶኛል፤ ለእናንተ ጠመንጃ የሚሆን ግን አንድም የለኝ» አሉት። «የእናንተን የሚያመጣው ነጋዴ መንገዱ በጠላት እጅ ነው። ለመሆኑ ስትገዛው ነገ ምን አጎርሰዋለሁ ብለህ አስበሃል?»

«አላሰብሁም፣ አባቴ።»

«እንግዲያው አንድ ጎራሽ ከነጥይቱ ልስጥህ?»

ደምለው አንገቱን ደፋ፤ ቀና ሲል ግን «ሠላሳ ይስጡኝ» አለ።

ሠላሳውን አስጭኖ ተመለሰና ሰዎቹን ሰበሰበ። «ያለንን ጥይት ለአሥር አልሞ ተኳሾች እናዋጣ። የቀረነው ይህን እንያዝ» አላቸው።

«በሬዬን ሸጬ በገዛሁት ጥይት ሌላው ሊፎክርበት?» አለ አንዱ ተቆጥቶ። አልፈርድበትም፤ በዚያ አገር ዝናርን ለሰው ማራገፍ ውርደት ነበር።

«ከኋላችን ያሉት ቤቶች የማን ናቸው?» አለ ደምለው። ሦስት ጥይቱን ጋቢው ላይ አፈሰሰና አንድ ጎራሹን አንሥቶ ከፊት ቆመ። ከዚያ በኋላ የተከራከረ የለም።

ጠላት ሲመጣ ሠላሳው ተኮሱ። የማዶዎቹ የአንድ ጎራሽ ድምፅ ቢሰሙ «የሰባት ጎራሹ ጥይት አልቆባቸዋል! እስኪጎርሱ እንድረስባቸው!» ብለው ውኃ ውስጥ ገቡ። መሐል ወንዝ ሲደርሱ አሥሩ ሰባት ጎራሾች ተቀበሏቸው። አሥሩ ተኩሰው እስኪጨርሱ ሠላሳው እንደገና ጎርሰው ነበር። ያን ቀን መሻገሪያውን ያለፈ ጠላት የለም፤ ከመንደሩም አንድ ጎጆ አልተቃጠለም።

የጦሩ አዝማች መጥተው «ጀግናው የትኛው ነው? ልሸልመው» ቢሉ፣ አሥሩ ወደ ሠላሳው፣ ሠላሳው ወደ አሥሩ ጠቆሙ።

ወዳጄ ሆይ፣ ጥሩ መሣሪያ መያዝ ያኮራል፤ ነገ የሚጎርሰውን አለማሰብ ግን ያዋርዳል። ከሁሉ የሚበልጠው ኩራት የራስን ጥይት በሌላው ዝናር አይቶ «የእኛ ነው» ማለት ነው። አንተስ ለብቻህ ይዘኸው የማይጠቅም፣ ብታዋጣው ግን መንደርህን የሚያድን ምን አለ በእጅህ?