ገና ያልወጣው ሶፍትዌር

በጥሞና አድምጡኝ፤ ለሌላ ስታወሩትም አንዲት ቃል እንዳታዛቡብኝ። ሰውየው ልብስ ሰፊ ነበር፤ ጫማ ሰፊ ነበር የሚሉ አሉ፤ ተሳስተዋል። ሱቁን የተከራየው በአቶ ወሰንየለህ ሕንጻ ውስጥ ነው።

አቶ ወሰንየለህ የስልክ ድርጅት ባለቤት ናቸው። አምና ታላቅ ድግስ ደግሰው፣ ስልክ እንደ ሰው እንዲያስብ የሚያደርግ ሶፍትዌር መሥራታቸውን በይፋ አስታወቁ። ተበላ፣ ተጠጣ፣ ተጨበጨበ። በድግሱ ላይ ያልተገኘው ሶፍትዌሩ ብቻ ነበር፤ እስከ ዛሬም አልመጣም።

ልብስ ሰፊው ለደንበኞቹ፣ «የእሳቸው ሶፍትዌር ወሬ ብቻ ነው» ማለቱ ከአቶ ወሰንየለህ ጆሮ ደረሰ። ወዲያው ሽማግሌ ሰበሰቡ።

«በይፋ የተነገረ ነገር እንዳለ ይቆጠራል! ስሜን አጥፍቷልና ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ ይጠይቀኝ፤ አለዚያ ሱቄን ይልቀቅ» አሉ። ሽማግሌዎቹም ተስማሙ።

በማግሥቱ ልብስ ሰፊው ባዶ ትከሻውን አጉብጦ፣ እያቃሰተ ሽማግሌዎቹ ወደተቀመጡበት መጣና ከአቶ ወሰንየለህ እግር ሥር ተንበረከከ።

«ድንጋዩስ የታለ?» ሲሉ ጮኹበት።

«ጌታዬ፣ ድንጋዩን ዛሬ በይፋ እያስታወቅሁ ነው። እጅግ ዘመናዊ፣ እጅግ ከባድ ድንጋይ ነው፤ የቀረው የመጨረሻው ሙከራ ብቻ ነው። በይፋ የተነገረ ነገር እንዳለ ይቆጠራል ብለዋልና፣ ይቅርታዎን ከወዲሁ ይስጡኝ።»

ሽማግሌዎቹ አፋቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። ልብስ ሰፊው ዛሬም በዚያው ሱቅ ይሰፋል፤ ምክንያቱም አቶ ወሰንየለህ ራሳቸው በሽማግሌዎቹ ፊት፣ «በዓይኔ ያላየሁትን ድንጋይ አልቀበልም» ብለዋል።